ድንኳን የማይተከልለት ሐዘን

ከሥራ በተቀነስኩ ማግስት ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ተነስቼ፣ ሸሚዜን ተኩሼ፣ ላፕቶፔን ቦርሳ ውስጥ ከትቼ ከቤት ወጣሁ። አከራዬ በር ላይ ቆመው ነበር። «ዛሬም ማልደህ ወጣህ? በርታ ልጄ» አሉኝ። «አሜን እማማ» ብዬ አለፍኩ። አራት ኪሎ አንድ ካፌ ገብቼ ማኪያቶ አዘዝኩና እስከ ምሳ ሰዓት ተቀመጥኩ። ከሰዓት በኋላ ሌላ ካፌ። 11 ሰዓት ተኩል ሲሆን ከሥራ ከሚመለሰው ሕዝብ ጋር ታክሲ ተሰልፌ፣ እንደ ደከመው ሠራተኛ አንገቴን መስኮቱ ላይ ጥዬ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ይህን ያደረግኩት አንድ ቀን አይደለም። ሦስት ወር ገደማ ነው።

እንዳትስቁ። (ብትስቁም አልቀየምም፤ አሁን እኔም እስቃለሁ።) ያኔ 28 ዓመቴ ነበር። አስቤበት የዋሸሁ አይመስለኝም። ቦርሳውን ካላነገትኩ ማን እንደሆንኩ አላውቅም ነበር፤ ነገሩ ይኸው ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ እነቃለሁ። ያንን የመጨረሻ ስብሰባ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እደግመዋለሁ፤ ምን ብል ኖሮ ስሜ ከዝርዝሩ ይወጣ እንደነበር እፈላልጋለሁ። የሥራ ማመልከቻ ለመጻፍ ኮምፒውተሩን እከፍትና ስሜን ብቻ ጽፌ እዘጋዋለሁ። እሑድ እሑድ እናቴ ከደብረ ማርቆስ ትደውላለች። «ሥራ እንዴት ነው?» ትለኛለች። «ጥሩ ነው እማዬ» እላታለሁ።

ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ አባቴ አርፎ ነበር። ከሁለቱ የቱ ይከፋል ብትሉኝ መልሱ ግልጽ ነው፤ አባት በሥራ አይለወጥም። ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። በአባቴ ሞት ጊዜ አልተሰበርኩም። አለቀስኩ፣ ከሳሁ፣ ተመለስኩ። በሥራው ጊዜ ግን ተሰበርኩ። ለምን እንደሆነ ለመረዳት ዓመታት ፈጅቶብኛል።

አባቴ ሲያርፍ ድንኳን ተተከለ። እድሩ ወንበርና ድስት አመጣ። ጎረቤት እንጀራ ይዞ መጣ። ማን ምን እንደሚያመጣ፣ ስንት ቀን እንደሚቀመጥ፣ ሲገባ ምን እንደሚል፣ ሲወጣ ምን እንደሚል ሁሉም ያውቃል። ማታ ብቻዬን እንዳላድር የአጎቴ ልጆች ፍራሽ አንጥፈው አጠገቤ ይተኙ ነበር። ሣልስት ነበረ፣ አርባ ነበረ፣ ሰማንያ ነበረ፣ ሙት ዓመት ነበረ። እያንዳንዱ ቀን «እዚህ ደርሰሃል» የሚል ምልክት ነው። ጥቁር ልብሴን መቼ እንደማወልቅ እንኳን የወሰንኩት እኔ አይደለሁም፤ አክስቴ ናት።

ሥራ ያጣ ሰው ቤት ምን ተብሎ ነው የሚገባው? ፈተና የወደቀች ልጅ ቤት ማን ወንበር ያወርዳል? ሠርጉ ሁለት ወር ሲቀረው እጮኛዋ የተወቻት፣ ከሪያድ በአንድ ሻንጣ የተመለሰች፣ አግብታ በማታውቀው ከተማ ከማታውቃቸው አማቶች ጋር መኖር የጀመረች፣ ተመርቆ ወደ ወላጆቹ ቤት ተመልሶ ታናሽ ወንድሙ ጋር አልጋ የተጋራ… ለነዚህ ሁሉ ያለን ቃል አንድ ነው፤ «አይዞህ፣ ያልፋል።» ተናግረን ወደ ጉዳያችን እንሄዳለን። ማንም ፍራሽ ይዞ አይመጣም።

ሙያው ለዚህ ስም አለው። «አጀስትመንት ዲስኦርደር» ይሉታል፤ በአማርኛ ከለውጥ ጋር የመላመድ መታወክ ብንለው ያስኬዳል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው 11ኛው የበሽታዎች መዝገብ ውስጥ ራሱን ችሎ ተቀምጧል። ሁለት ነገር ይፈለግበታል። አንደኛው፣ አእምሮ በዚያ በተከሰተው ነገር ዙሪያ ሲሽከረከር መዋሉና ማደሩ ነው። ሁለተኛው፣ ኑሮ መቆሙ፤ ሥራው፣ ትምህርቱ፣ ቤተሰቡ እንደ ቀድሞው አለመሄዱ። ብዙውን ጊዜ ነገሩ በደረሰ በአንድ ወር ውስጥ ይጀምራል፤ ያስጨነቀው ነገር ካበቃ ደግሞ በስድስት ወር ውስጥ ይለቃል።

እዚህ ላይ «እሰይ፣ በራሱ የሚለቅ ከሆነ ምን አስጨነቀህ?» የሚል ይኖራል። ዓረፍተ ነገሩን መልሳችሁ አንብቡት፤ «ያስጨነቀው ነገር ካበቃ» ነው የሚለው። የቤት ኪራይ መቼ ነው የሚያበቃው? ወር በመጣ ቁጥር አዲስ ነው። ታች ያለው ወንድም የትምህርት ቤት ክፍያ መቼ ያበቃል? እኛ አገር ጭንቀቱ አንድ ጊዜ ደርሶ የሚያልፍ ጎርፍ ሳይሆን ቤት ውስጥ የሚኖር ነው። ስድስት ወሩ ሳይሞላ ሌላው ይደርሳል። ሲቆይ ደግሞ ወደ ሌላ ነገር ይለወጣል፤ ወደ ድብርት፣ ወደ መጠጥ፣ ወደ ጫት፣ ቤቲንግ ቤት ወደ መዋል።

ብዛቱን ለማሰብ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ የተሰጠውን የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት አስታውሱ። ወደ 900 ሺህ የሚጠጋ ተማሪ ተፈትኖ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። በቀጣዩ ፈተና 3.2 በመቶ ሆነ። ስለ ትምህርት ጥራት ብዙ ተጻፈ፤ እኔም ጽፌያለሁ፣ ተጠቅሼም ደስ ብሎኛል። ግን በዚያ ሳምንት ከ860 ሺህ በላይ የሆኑ ልጆች ስልካቸውን ይዘው ምን እንዳደረጉ፣ እራት ላይ ምን እንደተባሉ፣ ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ጠዋት ለምን ብለው ከአልጋ እንደተነሱ አልጠየቅኩም። ዜና ሆኖ አልታየኝም። በዚያው ዓመት የመውጫ ፈተናም ተጀመረ፤ አራትና አምስት ዓመት ተምረው፣ ቤተሰብ የምረቃ ድግስ አስቦላቸው፣ በመጀመሪያው ዙር ከግማሽ በላይ የሆኑት አላለፉም። ወደ ኋላም ብትሄዱ፣ በ2006 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ከሳዑዲ ዓረቢያ ሲመለሱ አብዛኞቹ ወጣቶች ነበሩ። ስለ አውሮፕላኑ ቁጥር ዘግበናል። ሰፈራቸው ከገቡ በኋላ ስላለው ስድስት ወር ብዙ የተጻፈ አላነበብኩም።

ስለ ጦርነት አሁን አላነሳም። መደፈር፣ መፈናቀል፣ በዓይን ፊት ሰው ሲገደል ማየት ሌላ ስምና ሌላ ሕክምና ያለው ቁስል ነው፤ ከእኔ የሥራ ማጣት ጋር አንድ ላይ ማስቀመጥ ነውር ይመስለኛል።

ወደ ቦርሳው ልመለስ።

አንድ ጓደኛዬ ካፌ ውስጥ በተከታታይ ሦስት ቀን አየኝና በአራተኛው ቀን መጥቶ ተቀመጠ። ምንም አልጠየቀኝም። አንድ ስልክ ቁጥር ጻፈልኝና «እህቴ ከተፋታች በኋላ እሷ ጋ ትሄድ ነበር» አለኝ። ቁጥሩን ሁለት ሳምንት ኪሴ ውስጥ ይዤው ዞርኩ። የመጀመሪያ ሐሳቤ ምን እንደነበር ታውቃላችሁ፤ የሁላችንም ነው። «አበድኩ እንዴ?» የአማኑኤል ሆስፒታል ከጣሊያን ወረራ ዘመን ጀምሮ ለብዙ አሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ሲያገለግል ኖሯል፤ እኛ ደግሞ ስሙን ስድብ አደረግነው። «አማኑኤል ያስፈልግሃል» ስንባባል ነው ያደግነው። በአእምሯችን ውስጥ ሁለት ክፍል ብቻ አለ፤ ጤነኛና አማኑኤል። መሃል ላይ ያለው ሰው የት ይሂድ?

በመጨረሻ ሄድኩ። ቢሮዋ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ከጥርስ ሐኪም አጠገብ ነበር። ሰው ካየኝ ጥርሴን አሞኝ ነው ልል ወስኜ ነበር።

ባለሙያዋ በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ናት። ምክር ጠበቅኩ። «ወጣት ነህ፣ ዕድሜህ ገና ነው» እንድትለኝ ተዘጋጅቻለሁ። እሷ ግን ወረቀት አወጣችና «ትናንት ከተነሳህበት እስከ ተኛህበት ድረስ ያደረግከውን ሰዓት በሰዓት ንገረኝ» አለችኝ። ነገርኳት። ቦርሳው ላይ ስደርስ ትስቃለች ብዬ ጠበቅኩ። አልሳቀችም። «ቦርሳውን ስታነግት የማን ዓይን ነው የሚታይህ?» አለች። «የአከራዬ» አልኳት። ጻፈችው። ዝም አለች። ዝምታው ረዘመ። «የእናቴ» አልኩ።

በቃ፣ የመጀመሪያው ቀን ይኸው ነበር። እንባም የለም፣ ሶፋ ላይ መተኛትም የለም፣ ስለ ልጅነቴም አልተጠየቅኩም።

በሁለተኛው ቀን የሚያስጨንቀኝን ሁሉ እንድዘረዝር አደረገችኝ። አሥራ አንድ ነገር ወጣ። ከዚያ በእኔ እጅ ያለውንና የሌለውን ለየን። የመገናኛ ብዙኃን ገቢ መውረድ በእኔ እጅ የለም። የዕለት ሰዓቴ በእኔ እጅ ነው። ለሰው እውነቱን መናገር በእኔ እጅ ነው። ከነዚህ አንዱን ብቻ ምረጥ አለችኝ፤ አንዱን፣ በጣም ትንሹን። በሳምንቱ ውስጥ ለአንድ ሰው እውነቱን ልናገር ተስማማን። ለቀድሞ ባልደረባዬ ደወልኩ። ነገርኩት። «ውይ» አለ። ምሳ ጋበዘኝ፤ ስለ እግር ኳስ አወራን። ሌላ ምንም አልሆነም። ግን በዚያ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ አልነቃሁም።

በሦስተኛው ስለ እንቅልፍና ስለ መራመድ ነው ያወራነው፤ አሰልቺ ነበር፤ አልደብቃችሁም። ካፌው ይቅርና ጠዋት አንድ ሰዓት በእግርህ ሂድ፣ ከዚያ ሁለት ሰዓት ብቻ ሥራ ፈልግ፣ ከዚያ በኋላ አትፈልግ አለችኝ። «አትፈልግ» የሚለው ገረመኝ። ቀኑን ሙሉ ሥራ እየፈለግኩ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ቀኑን ሙሉ እየተጨነቅኩ ነው እንጂ የፈለግኩት ነገር የለም። አራተኛው ቀን ስለ እናቴ ነበር። እሱን ለራሴ ልተወው። በአምስተኛው «ካስፈለገህ ተመለስ» ብላ ሸኘችኝ። አልተመለስኩም። ሥራ ያገኘሁት ከዚያ ከአምስት ወር በኋላ ነው፤ እሷ አላስገኘችልኝም። ሥራው ሲመጣ ግን ማመልከቻ መጻፍ የሚችል ሰው ነበርኩ።

«የምክር አገልግሎት» የሚለው አጠራር ራሱ ያሳሳተን ይመስለኛል። ምክር ስንል ትልቅ ሰው ይናገራል፣ ትንሽ ሰው አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። አምስቱን ቀን ብደምረው የእሷ ንግግር ግማሽ ሰዓት አይሞላም። የቀረው የእኔ ነው። በአማርኛችን «መከረው» እና «ተማከሩ» የተለያዩ ናቸው። እኛ የምናውቀው የመጀመሪያውን ነው፤ ስፍራው የሁለተኛው ነው።

ባለፉት ዓመታት ይህን ባዶ ቦታ የሞላው አነቃቂ ንግግር ነው። እኔም አንድ ጊዜ ቲኬት ገዝቼ ገብቻለሁ። ሙዚቃ አለ፣ መብራት አለ፣ ተናጋሪው ሊስትሮ ከመሆን ተነስቶ ሕንፃ እንደሠራ ይነግረናል፣ እንጨበጭባለን። ሁለት ቀን ሞቅ ብሎኝ ነበር። በሦስተኛው ቀን ከበፊቱ ባሰብኝ፤ ምክንያቱም አሁን ሥራ ማጣቴ ብቻ ሳይሆን መነቃቃት አለመቻሌም የእኔ ጥፋት ሆነ። ተናጋሪዎቹን አልጠላም፤ ብዙዎቹ ቅን ሰዎች ናቸው። አዳራሹ ውስጥ ግን አንድም ሰው «ትናንት ምን አደረግክ?» ብሎ አልጠየቀኝም። ሊጠይቅም አይችልም፤ ሺህ ሰው ነን።

«ያልከው ሁሉ ጥሩ ነው፣ ግን ባለሙያው የት አለ? ገንዘቡስ?» ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ። እኔ ለአንድ ሰዓት የከፈልኩት የሳምንት የምሳ ወጪዬን ያህል ነበር፤ ሥራ ለሌለው ሰው ይህ ቀልድ ነው። ስለዚህ የሐራሬን ነገር ላንሳ።

ዲክሰን ቺባንዳ የሚባል የዚምባብዌ የአእምሮ ሐኪም አለ። የሚከታተላት አንዲት ወጣት ሴት ወደ ሆስፒታል መመለስ ሲኖርባት አልመጣችም፤ ከዚያ ራሷን ማጥፋቷን ሰማ። ቤተሰቧ ለአውቶቡስ የሚሆን 15 ዶላር አጥቶ ነው። ይህንን ታሪክ ራሱ በአደባባይ ደጋግሞ ተናግሮታል። በ2006 እ.ኤ.አ. ምባሬ በሚባለው የሐራሬ ሰፈር ሥራ ጀመረ። የሰጡት 14 አያቶችን ነው፤ በሰፈሩ የጤና ሥራ ላይ የነበሩ ባልቴቶች። ክሊኒኩ ውስጥ ክፍል ስላልነበረ ውጭ ዛፍ ሥር አግዳሚ ወንበር ተቀመጠ። አያቲቱ ወንበሩ ላይ ትቀመጣለች፤ ወጣቱ አጠገቧ። ችግሩን ይዘረዝራል፣ አንዱን ይመርጣል፣ ለሳምንቱ የሚሠራውን ይወስናል፣ ተመልሶ ይመጣል። እስከ ስድስት ጊዜ። የእኔዋ ባለሙያ ያደረገችልኝ በመሠረቱ ይኸው ነው።

በኋላ በ24 ክሊኒኮችና በ573 ታካሚዎች ላይ ጥናት ተደረገና በ2016 እ.ኤ.አ. ጃማ በተባለው የአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ታተመ። ከስድስት ወር በኋላ የድብርት ምልክት የነበረባቸው፣ የተለመደውን ሕክምና ካገኙት 50 በመቶ ገደማ ሲሆኑ ከአያቶቹ ጋር ከተቀመጡት 14 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። እነዚያ አያቶች ዲግሪ የላቸውም።

የወደድኩት ሌላም ነገር አለ። አያቶቹ «ዲፕረሽን» የሚለውን ቃል አይጠቀሙም። በሾና ቋንቋ «ኩፉንጊሲሳ» የሚል ቃል አለ፤ አብዝቶ ማሰብ ማለት ነው። እኛስ? «ሐሳብ ገብቶታል» እንል የለም ወይ? እናቴ በዚያ ሰሞን ድምፄን ሰምታ «ምነው፣ ሐሳብ ገብቶሃል እንዴ?» ብላኝ ነበር። ቃሉ አለን። የጎደለን ከቃሉ ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ሐሳብ ገብቶታል ካልን በኋላ ምን እናደርጋለን?

የዓለም ጤና ድርጅትም በዚያው በ2016 እ.ኤ.አ. ፕሮብሌም ማኔጅመንት ፕላስ የሚል መመሪያ አውጥቷል። አምስት ሳምንት፣ በሳምንት አንድ ጊዜ። ትንፋሽን ማርጋት፣ አንድ ችግር መርጦ መሥራት፣ የተውከውን ነገር ቀስ ብሎ መልሶ መጀመር፣ ሰው ጋር መልሶ መገናኘት፤ ይዘቱ ይህ ነው። የሚሰጡትም የአእምሮ ሕክምና ያልተማሩ፣ ግን የሠለጠኑና የሚቆጣጠራቸው ባለሙያ ያላቸው ሰዎች ናቸው። በፓኪስታን ፔሻዋርና በናይሮቢ ድሃ ሰፈሮች ተሞክሮ ሠርቷል። ናይሮቢ ደግሞ ጎረቤት ናት።

አሁን ወደምፈራው ጥያቄ ልምጣ። ባለፈው በዚህ ርዕስ አጭር ነገር ስጽፍ አንድ አንባቢ እንዲህ ሲል ላከልኝ፤ በራሴ ቃል ላስቀምጠው። «ወጣቱ የታመመው በአእምሮው አይደለም፣ በኪሱ ነው። ሥራ ስጡት፣ ይድናል። ቴራፒ ማለት የመንግሥትን ጥፋት የልጁ ችግር ማድረግ ነው።» ይህ ሰው ግማሽ እውነት ይዟል፤ ምናልባትም ከግማሽ በላይ። በቤት ኪራይ የተጨነቀን ሰው «ትንፋሽህን አርጋ» ብሎ መሸኘት ስድብ ነው። ጭንቀትን ሁሉ በሽታ ብሎ መሰየምም አደጋ አለው፤ የሚያናድድ ነገር ሲደርስብህ መናደድ ጤና ነው። ቴራፒ የሥራ አጥነት ፖሊሲ ሆኖ ከቀረበልን እኔም ከአንባቢው ጋር እቆማለሁ።

ግን ሰውየው ያላየው ነገር አለ። ሥራ የሚመጣው ነገ ነው እንበል። የሚመጣው ለማን ነው? በሩን ከፍቶ ለሚወጣው ነው። በዚያ ሦስት ወር ውስጥ ሁለት ማስታወቂያ አይቼ አልፌያለሁ፤ የሚስማሙኝ ነበሩ። ኪሴ ብቻ ቢሆን ኖሮ የታመመው፣ እነሱን አላሳልፍም ነበር።

«ንስሐ አባት የለህም ወይ?» ያለችኝ ደግሞ የገዛ እህቴ ናት። አሉኝ፤ እወዳቸዋለሁም። ምስጢር ይጠብቃሉ፣ ገንዘብ አይጠይቁም፣ ቤታቸው ክፍት ነው። ብዙ ሰው የሚቆመው በእነሱ ነው፤ ሙስሊም ወዳጆቼም ስለ መስጊዳቸው ሼኽ ተመሳሳይ ነገር ይነግሩኛል። ችግሩ ከእኔ ነበር። ንስሐ አባት ጋ የሚኬደው በኃጢአት ነው ብዬ ነው የማስበው። ሥራ ማጣት ኃጢአት አይደለም፤ ታዲያ ምን ብዬ ልናዘዝ? ስለ ቦርሳው ብነግራቸው ስለ ውሸቱ ይሰግዱኝ ነበር መሰለኝ። ካህናትና ሼኾች ይህን የአምስት ሳምንት ሥልጠና ቢያገኙ ግን ከማንም በላይ የሚደርሱት እነሱ ይሆኑ ነበር።

ከእነሱ ቀጥሎ የሚታየኝ እድር ነው። እድር ድንኳን አለው፣ ወንበር አለው፣ የትኛው ቤት ማን እንዳለ ያውቃል። ለቀብር ብቻ ነው የሚል ካለ የኤችአይቪን ዘመን ያስታውስ፤ ያኔ ብዙ እድሮች ከቀብር አልፈው የታመሙትን አስታመዋል፣ ወላጅ ያጡ ልጆችን ደግፈዋል። በየእድሩ ሁለት የሚደመጡ ሰዎች ቢሠለጥኑ፣ አንዱ በወጣቶቹ ዕድሜ ቢሆን፣ በወር አንድ ጊዜ ባለሙያ ቢያያቸው ምን ያህል ወጪ ነው? አንድ አዳራሽ ለአንድ ቀን የአነቃቂ ንግግር ከሚከራይበት የሚበልጥ አይመስለኝም። ዩኒቨርሲቲዎችም አዲስ ተማሪ በሚቀበሉበት ሳምንት፣ የመውጫ ፈተና ውጤት በሚለቀቅበት ሳምንት፣ በነዚህ ሁለት ሳምንታት ብቻ እንኳን በራቸውን ቢከፍቱ። ለዘገባ ከሄድኩባቸው ግቢዎች በአንዱ የምክር አገልግሎት የሚል ጽሑፍ ያለበት ቢሮ አግኝቼ ነበር። ተቆልፏል። ጥበቃውን ጠየቅኩት። «እሱ የወንበር ማስቀመጫ ነው» አለኝ።

ሁለት ጥንቃቄ ልጨምር። የሠለጠነ ጎረቤት የሚበቃው ለሁሉም አይደለም። መኖር አልፈልግም የሚል፣ ድምፅ የሚሰማው፣ ለቀናት ያልበላና ያልተኛ ሰው ካለ ወንበርም እድርም አያስፈልግም፤ በዚያው ቀን ብቻውን ሳትተዉት፣ አብራችሁት በቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ሂዱ። አያቶቹም ሐራሬ ውስጥ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ከአቅማቸው በላይ የሆነውን ያሳልፋሉ። ሁለተኛው፣ ከጥቂት ሳምንት ኮርስ በኋላ ሰርተፊኬታቸውን ግድግዳ ላይ ሰቅለው የደንበኛቸውን ጉድ «ስም ሳልጠራ» እያሉ ቲክቶክ ላይ የሚያወሩ ሰዎች በዝተዋል። ስም አይጠሩም፤ ሰፈሩን፣ ሥራውን፣ የባሏን መኪና ዓይነት ይጠራሉ። እዚያ የምትሄዱ ካላችሁ ተመለሱ። ባለሙያ ጋ ስትሄዱ በምን እንደተመረቀና ፈቃድ እንዳለው መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ደህናው ባለሙያ ሲጠየቅ አይቆጣም።

እናቴ እውነቱን የሰማችው አራተኛው ቀን ባለቀ በሳምንቱ ነው። በስልክ አልነገርኳትም፤ ደብረ ማርቆስ ሄድኩ። ቡና እያፈላች ነበር። ነገርኳት፤ ቦርሳውንም፣ ካፌውንም፣ ሁሉንም። ጀበናውን አወረደች፣ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «ያ ሁሉ እሑድ ታዲያ እኔ የማወራው ከማን ጋር ነበር?» አለችኝ።

በዚህ ጉዳይ ረዘም ያለ ዘገባ እያዘጋጀሁ ነው። ዩኒቨርሲቲ ያላችሁ ግቢያችሁ ውስጥ የምክር ቢሮ ካለ ስንት ሰዓት እንደሚከፈት፣ ውስጥ ሰው ይኑር ወንበር፣ አይታችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስማችሁ አይወጣም። የእድር ዳኞችም ካላችሁ፣ አባታችሁ ወይም አጎታችሁ ዳኛ ከሆኑም፣ ያልኩትን ነገር አንብቡላቸውና ምን እንዳሉ ላኩልኝ። ቢስቁም ላኩልኝ።